«አልተገኘም» የሚለው መልስ

መተማ ላይ ኮድ የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? ሥራ ፈት። እሱ እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼ ሰሊጥ ያሳጭዳሉ፣ ማሽላ ያስጭናሉ፤ እኔ ላፕቶፔን በካርቶን እያራገብኩ እጽፋለሁ።

አምና በአጨዳ ሰሞን አንድ ትንሽ የድረ ገጽ አገልግሎት ሠራሁ። ሳሉግ የምንለው፣ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ስሙንና ያለበትን እርሻ በስልኩ ይልካል። ቤተሰቡ በስሙ ሲጠይቅ አገልግሎቱ ቦታውን ይመልሳል። በቃ። እዚህ ሰው ይጠፋላ። ከአብርሃ ጅራ ገለጉ፣ ከገለጉ ሱዳን ማዶ፣ ማን ማንን ይከተላል? ንድፍ ምናምን ሳልል በቀጥታ ኮዱን ጀመርኩ። ስጨርስ የራሴን ስም አስገብቼ መልሼ ጠየቅሁት። ያለሁበትን ነገረኝ። ያለሁበትን እንደማላውቅ ሁሉ ደስ አለኝ። ቀድሞ ማመስገን ለሐሜት ያስቸግራል የተባለው ለእኛ ሙያ ሳይሆን አይቀርም።

ሰርቨር ላይ ልጭነው ስል ኔትወርክ ጠፋ። በሰሊጥ መኪና ጎንደር ወጥቼ ጫንኩትና ተመለስኩ። አሁን ለዓለም ሁሉ ይሠራል፤ ለመተማ ብቻ አይሠራም። ለማን ነበር የሠራሁት?

ኔትወርኩ በተመለሰ ሰሞን አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ ከጎጃም መጡ። ልጃቸው ይርሳው ለአጨዳ ወርዶ ድምፁ ከጠፋ ከርሟል። ስሙን ጻፍኩት። «አልተገኘም» አለ። አነበብኩላቸው። ቆባቸውን አውልቀው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ሬሳው ነው ያልተገኘው?»

«የለም አባቴ፣ አልተመዘገበም ማለት ነው።»

«ታዲያ ማን ፈልጎ ነው አልተገኘም ያለው?»

ኮዴን በራሴ ስም ስፈትሽ ይህ ጥያቄ አልመጣልኝም።

በማግስቱ በትራክተር ተሳቢ ላይ ሆነን እርሻ ለእርሻ ዞርን። አንዱ ካምፕ ውስጥ ልጁን የሚያውቅ ወሎዬ አጫጅ አገኘን። ይርሳው ወባ ጥሎት እንደነበር፣ ሲሻለው ማዶ ሥራ አለ ብለውት እንደተሻገረ ነገረን። ማዶ ጦርነት ነው። አያ ታከለ ይህን ያውቃሉ።

ልሸኛቸው መናኸሪያ ስንደርስ ቆም አሉ።

«እኔን መዝግበኝ። ምናልባት እሱ ቢጠይቅ።»

«የት ናቸው ልበል? አገርዎ እየገቡ ነው።»

«አገሬ ካልከው ማንም አልፈለገኝም ይላል። መተማ በለው።»

መዘገብኳቸው። አውቶቡሱ ሞልቶ ረዳቱ ሲጠራቸው ፌስታላቸውን አንስተው ወደ ከተማው ተመለሱ። ውሸት አላስጽፍህም አሉኝ።

አሁን የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ናቸው። እኔም «አልተገኘም» የሚለውን አጥፍቼ «ገና አልሰማንም» ብዬ ጻፍኩ። ይርሳው እስካሁን አልጠየቀም። የጠፋ ሳሉግ ለቤተሰቡ ይመልሳል ብዬ የሠራሁት ነገር፣ እስካሁን ያደረገው ለቆላው አንድ ሠራተኛ መጨመር ነው።