የሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ክብርት ዳይሬክተር

በየሰፈሩ ማንም ሳይሾመው የሚያዝ አንድ ሰው አይጠፋም። ሠርግ ላይ ወንበር የሚደለድለው፣ ቧንቧ ሲፈነዳ ለቧንቧ ሠራተኛው የመፍቻ አያያዝ የሚያስተምረው እሱ ነው። የእኔዋ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ክብርት ዳይሬክተር እላቸዋለሁ፤ በሌሉበት።

እኔ ካሜራ ያዥ ነኝ። አንዲት ተመራማሪ ስለ ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ፊልም ልትሠራ ስትነሳ አብሬያት ሄድኩ። ከተማው ሁሉ በእነሱ ድስት ያበስላል፤ ቤታቸው ገብቶ ግን አይቀመጥም። እናቴም ያው ናት፤ የምትገዛው ደጃፍ ላይ ቆማ ነው።

ገና ካሜራዬን ሳልከፍት ክብርት ዳይሬክተር እጃቸውን ከጭቃው አወጡና «ቆይ» አሉኝ። «በፊት የመጡት ሰዎች ጭስ ዓይኔ ገብቶ ሳለቅስ አነሱኝ። ከዚያ በሐዘን የተቆራመደች እናት ብለው በቴሌቪዥን አወጡኝ። እኔ እኮ ያን ቀን ልጄ በሰላም ተገላግላ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን ይሻላል እትዬ?» አለች ተመራማሪዋ።

«የቀረጻችሁትን በየቀኑ ታሳዩኛላችሁ። ያልወደድኩት ይወጣል።»

ተመራማሪዋ እሺ አለች። እኔ በሆዴ አለቀልን አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ላፕቶፑ የተደፋ ማሰሮ ላይ ይቀመጣል፣ ጎረቤት ከኋላ ይኮለኮላል፣ እሳቸው ይፈርዳሉ። ምራታቸው በባዶ እግሯ ጭቃ ስትረግጥ ሲያዩ «አቁም» አሉ። «ያወለቀችው እንዳይበላሽባት ነው። ጫማዋስ የታለ?» በነጋታው በር ላይ የተቀመጠ ቀይ ጫማ ስቀርጽ ዋልኩ። የተሰነጠቀውን ግድግዳ ሳሳያቸው «ጣሪያውን አምና ነው ያስቀየርኩት፤ ያንተ ካሜራ ቀና አይልም እንዴ?» አሉ። ፊታቸውን አቅርቤ ስይዝ ደግሞ «ፊቴን ተወው፤ ድስት የሚሠራው እጄ ነው።»

ያናደደኝ ሁሌም ልክ መሆናቸው ነው። ካሜራውን ወደ እጃቸው ያዞርኩ ዕለት፣ ከድቡልቡሉ ጭቃ የድስት አፍ ቀስ እያለ ሲከፈት ትንፋሼን ይዤ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ስቀርጽ እንደዚያ ልቤ ዘሎ አያውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከተመራማሪዋ ቀድሜ የምደርሰው እኔ ሆንኩ።

ፊልሙ በከተማው አዳራሽ ታየ። እናቴን ይዣት ሄድኩ። ሲያልቅ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ፤ እናቴ ግን ሰው እየገፋች ወደ ፊት ሄዳ ክብርት ዳይሬክተር ፊት ቆመች።

«ስንት ዓመት ደጅሽ ቆሜ ስገዛ አንድ ቀን ግቢ አላልሽኝም» አለቻቸው።

«አንቺስ መቼ መግባት ፈለግሽ?»

«አሁን ፈለግኩ።»

በማግስቱ እናቴ እዚያ ቤት ገብታ ተቀመጠች። «እዚያ ጋ አይመችሽም፣ ወዲህ ጠጋ በይ» አሏት። በቤታችን ማንም አዝዟት የማያውቅ እናቴ ተነስታ ተጠጋች። ይህማ ሳይቀረጽ አያልፍም ብዬ በጥድፊያ ካሜራዬን ከቦርሳው ሳወጣ፣ ክብርት ዳይሬክተር ዞር እንኳን ሳይሉ «አስቀምጠው» አሉኝ። «እንግዳ አለብኝ።»

ሳልከራከር አስቀመጥኩትና እኔም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።