ጥላዬ ዘካትማንዱ

ከሦስት በላይ ሐበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ አንድ «እኔ እዚያ ሳለሁ» ባይ አይጠፋም። አንዱ ሮም ሦስት ወር ተቀምጦ ዕድሜ ልኩን ስለ ጣሊያን ያወራል። ሌላው ካርቱም ላይ የጀመረውን ሻይ እስከ ዛሬ ጠጥቶ አልጨረሰውም። ለአትላንታ ግን፣ ምን ኃጢአት ተሠርቶ እንደሆነ እንጃ፣ የደረሳት የሁሉም አለቃ ነበር፤ ክቡረ ክቡራን ጥላዬ ዘካትማንዱ፣ እስያን በጀርባ ሻንጣ ያዳረሰ።

ውሸታም አልነበረም፣ ይሄን ማንም አይወስድበትም። መንግሥት ልኮት ህንድ አገር ምህንድስና ሲማር አብዮቱ ፈነዳና የትምህርት ገንዘቡ ቆመ፣ ወደ አገር መመለሱም አስፈራው። ያን ጊዜ ህንድ ፀጉራቸውን ባስረዘሙ፣ ሻንጣቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለው በሚዞሩ የፈረንጅ ወጣቶች ተሞልታ ነበር። ጥላዬም የሚሄድበትን ስላላወቀ የትም ከሚሄዱት ጋር ሄደ። ቫራናሲ፣ ካትማንዱ፣ ፖክሃራ፣ ባንኮክ፣ ፔናንግ፤ ዞሮ ዞሮ ሲደክመው በስደተኛ ስም አሜሪካ፣ ጆርጂያ ገባ፤ በፈረንጆች ሰማንያዎቹ አጋማሽ አትላንታ ዳር፣ ማሪዬታ አንድ ክፍል ተከራይቶ የአትላንታን ሐበሻ ማስተማር ጀመረ።

ትምህርቱ ሁልጊዜ የሚጀምረው በአንድ ቃል ነው፤ «ይሄ ታዲያ ምን አላት!»

ሐምሌ ላይ የአንዱ ቤት ኤር ኮንዲሽን ተበላሽቶ ሰው ሁሉ በላብ ተጠምቆ «ኧረ ሙቀት!» ሲል፣ «ይሄ ታዲያ ምን አላት! ቫራናሲ ላይ የጫማዬ ሶል አስፋልቱ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ በካልሲ ነው የሄድኩት» ይላል። ሎረንስቪል ክርስትና ተጠርቶ ወጡ ያቃጠለው እንግዳ ውሃ ሲለምን፣ ጥላዬ ስለ ፔናንግ ቃሪያ እየተናገረ የውሃውን ማንቆርቆሪያ ይዞ ይቆማል። ውሃው ለሰውዬው የደረሰው ጥላዬ ባንኮክ ሲደርስ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ አቶ ገብረሕይወትን እንኳ አልማራቸውም። በፍልሰታ፣ ገና ከቅዳሴ ወጥተው ምራቃቸውን ሳይውጡ፣ «አባባ፣ እርስዎ ጾም ይላሉ! ህንድ ቢሄዱ እኮ አገሩ በሙሉ ጾመኛ ነው። ሥጋ የለ፣ ዕንቁላል የለ። እኔ የዕድሜዬን ጾም እዚያ ጨርሼ ነው የመጣሁት» ይላቸዋል። አቶ ገብረሕይወት መቋሚያቸውን ጨብጠው ዞረውት አለፉ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የጥላዬ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ የሆነው የኃይሉ ሚስት ብዙነሽ ምጥ የያዛት ቀን ነበር። ኃይሉ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጭንቅላቱን ይዞ ሲንጎራደድ ጥላዬ «አይዞህ፣ ይሄ ታዲያ ምን አላት! ኔፓል ውስጥ አንዲት ሴት የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ ከፍየሎች ጋር…» ብሎ ጀመረ። ነርሷ «ወንድ ልጅ!» ብላ ስትወጣ አውቶቡሱ ገና ዳገቱን አልጨረሰም ነበር።

ሰው እንግዲህ ማምለጫውን አበጀ። ሴቶቹ «ድስቱን ልየው» ይላሉ። ወንዶቹ መኪናቸውን ፓርክ ያደረጉበት ቦታ ድንገት ትዝ ይላቸዋል። ኃይሉ ብቻ ነው ማምለጫ ያጣው። ለምን ቢባል፣ ሂማላያ ሥር ለሥር በእግሩ የዞረው ሰውዬ አሜሪካ ላይ መኪና መንዳት አልሆነለትም። መንጃ ፈቃድ ሦስት ጊዜ ተፈትኖ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ በመጨረሻው ፈታኟን ወደ ባንኮክ ታሪክ አስገብቷት ቀይ መብራት ጥሶ አለፈ። ማሪዬታ ደግሞ ያለ መኪና ዳቦ እንኳ የማይገዛበት አገር ነው። ስለዚህ ክቡርነታቸው በየማለዳው የኃይሉ ዳትሰን ውስጥ ገብተው፣ ቀበቶአቸውን አስረው፣ ሁለቱም ወደሚሠሩበት፣ አትላንታ ውስጥ ሚድታውን ሰፈር ወዳለው የፓርኪንግ ሕንፃ ይጓዛሉ። ኃይሉ መኪና ያቆማል፣ ጥላዬ ቲኬት ይቆርጣል፣ መንገዱን ሙሉ ያወራል።

ከወሬው ሁሉ የከፋው ድልድዩ ነበር። ከፖክሃራ ወጣ ብሎ አንድ የገመድ ድልድይ አለ። ጥላዬ መሃሉ ላይ ሲደርስ አንደኛው ገመድ «ጧ!» ይላል። ልክ «ጧ!» ሲል የሚድታውን ኤግዚት፣ ከአውራ ጎዳናው መውጫው፣ ይመጣል፤ ኃይሉም «ቆይ ቆይ፣ መስመር ልቀይር» ብሎ ያቋርጠዋል። ከዚያ መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ በሩን ዘግቶ፣ ሹልክ። ሰውዬው በየማለዳው ድልድይ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ እንዴት እንደወረደ ኃይሉ አንድ ቀን ጠይቆት አያውቅም።

አንድ እሑድ ማታ የኃይሉ ቤት ስልክ ጮኸ። ዳኛቸው የሚባል የጥላዬ አጎት ልጅ ነበር፣ ከዋሽንግተን። ወሬው አጭር ነው። የጥላዬ እናት ፍቼ ላይ አርፈዋል፣ ተቀብረዋልም። «እባካችሁ ብቻውን እንዳይሰማ። ሰው ሰብስባችሁ በወጉ አርዱት» አለ ዳኛቸው፣ ድምፁ እየተቆረጠ።

ኃይሉ አቶ ገብረሕይወት ዘንድ ደወለ። እሳቸውም፣ «በሥራ ቀን መርዶ የለም፣ ልጄ። ዛሬ ብንነግረው ነገ ሁላችንም ሺፍት ገብተን እሱ ባዶ ቤት ሊቀመጥ ነው? ቅዳሜ በማለዳ፣ ሁላችንም ኦፍ ስንሆን እንሄዳለን። እስከዚያ አፍህን ያዝ» አሉት።

«እኔ እኮ በየቀኑ አብሬው ነው የምሄደው፣ አባባ!»

«እንግዲያው አንተን መድኃኔ ዓለም ያግዝህ።»

ሰኞ ኃይሉ መሪውን እንደጨበጠ፣ ወደ ጎን ሳያይ ሚድታውን ደረሰ። ጥላዬ ስለ ባቡር ያወራ ነበር። ኃይሉ ግን ሬዲዮኑን ሊከፍት እጁን ዘረጋና አፈረ። እናቱ የሞቱበትን ሰው እንዴት በሬዲዮ ያፍነዋል? እጁን መለሰ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የባቡሩን ታሪክ እስከ መጨረሻው ሰማ፣ የሚገርመውም ታሪኩ ጥሩ ነበር።

ማክሰኞ ድልድዩ ደረሰ። ገመዱ «ጧ!» አለ፣ ኤግዚቱም መጣ። ጥላዬ እንደ ልማዱ መቋረጡን ሲጠብቅ ኃይሉ፣

«ከዚያስ?» አለው።

«ምን ከዚያስ?»

«ከዚያስ ምን ሆንክ? ገመዱ ተበጠሰ፣ ከዚያስ?»

ጥላዬ ዞሮ አየው። ኤግዚቱ አመለጣቸው። «ከዚያማ ተመለስኩ» አለ ቀስ ብሎ። «በሆዴ እየተሳብኩ።»

«ወዲያ ማዶ አልተሻገርክም?»

«ወዴት ልሻገር፣ ነፍሴ ልትወጣ!»

ኃይሉ ሳቀ፣ ከልቡ ሳቀ። ዓመታት የሸሸው ታሪክ መጨረሻው አንድ የፈራ ልጅ ነው። በቀጣዩ ኤግዚት ወርደው፣ መሃል ከተማውን ዞረው፣ አርፍደው ሥራ ገቡ። ጥላዬ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ብዙም አልተናገረም። ኃይሉ ግን መርዶውን በሆዱ ይዞ ስለተቃጠለ ይሄን ልብ አላለም።

ሐሙስ ማታ ሲመለሱ ዝናብ ነበር፣ መንገዱ ተዘግቶ ቆመው ነበር። ጥላዬ በመስኮቱ እያየ፣ «ለምን እንደማወራ ታውቃለህ?» አለው።

«ወሬ ስለምትወድ ነዋ» አለ ኃይሉ፣ ሊያስቀው ብሎ።

«እኔ አይደለሁም። እማዬ ናት የምትወደው። ከፍቼ አዲስ አበባ ስትሄድ እንኳ መኪና ያዞራታል፤ ግን የሄደ ሰው ከመጣ ጎረቤት ሳይቀድማት ሮጣ ሄዳ አጠገቡ የምትቀመጠው እሷ ናት። ስትሸኘኝ አላለቀሰችም፣ ብታምን። 'የበላኸውን፣ ያየኸውን፣ አንዳች ሳታስቀር መጥተህ ታወራኛለህ' ነው ያለችኝ። ደብዳቤ ሌላ ሰው ነው የሚያነብላት፣ በሰው አፍ ደግሞ አይጥማትም። እና ታሪኩ እንዳይጠፋኝ ለሰው እያወራሁ አቆየዋለሁ። ግሪን ካርዴ እንደወጣ ናይሮቢ አስመጥቻት፣ አንድ ወር ሙሉ፣ ከቫራናሲ ጀምሬ…»

መርዶው የኃይሉ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። መኪናውን ዳር አቁሞ ትከሻውን ይዞ ቢነግረው ኖሮ፣ ወዳጅ ለወዳጅ፣ በዝናቡ ውስጥ! ግን ወጉ ወግ ነው፣ ሽማግሌው ቅዳሜ ብለዋል። «ከቫራናሲ ጀምረህስ?» አለ ብቻ። ጥላዬም እስከ ማሪዬታ አወራለት። ኃይሉ በዚያች ማታ ዝም ማለቱን እስከ ዛሬ ለራሱ ይቅር አላለውም።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሰው ኃይሉ ቤት ተሰበሰበ። ከሎረንስቪል የመጡ ነበሩ፣ ሥራ አድረው በዩኒፎርማቸው የመጡም ነበሩ። ብዙነሽ ልጇን አቅፋ ቀድማ ታለቅሳለች፤ አቶ ገብረሕይወት «ዋጥ አድርጊው፣ በሩ ላይ እንዳይሰማ» ይሏታል። የመኪና ማቆሚያውን ተሻግረው፣ ደረጃውን በቀስታ ወጡ። ኃይሉ ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ በሩ ተከፈተ።

ጥላዬ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። ቤቱ ተጠርጎ፣ ጠረጴዛው ጥግ ተገፍቶ፣ ፍራሹ መሬት ወርዷል። ከየት እንደተዋሳቸው የማይታወቅ ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል።

«ግቡ» አለ።

አቶ ገብረሕይወት ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ልጄ ጥላዬ፣ እንግዲህ የሰው ልጅ ሆነን…»

«ይቀመጡ፣ አባባ፣ አይድከሙ» አለና ወደ ኃይሉ ዞረ። «ማክሰኞ ነው የገባኝ። ስንት ዓመት አብረን ስንሄድ 'ከዚያስ' ያለኝ ሰው የለም። አንተ ኤግዚት አልፈህ ድልድዬን ስትሰማ፣ አለቀ፣ አልኩ። እማዬ ናት። ከእሷ ሌላ ማን አለኝ?»

«ታዲያ… ሐሙስ ዕለትስ? ናይሮቢ ስትለኝ?»

«እስክትነግሩኝ ድረስ አልሞተችማ! እናንተ ካልነገራችሁኝ ማን ይነግረኛል? ቅዳሜ እንደምትመጡ አውቃለሁ፣ ሐበሻ ሌላ ቀን ኦፍ የለውም። እስከዚያ ሳወራላት ልቆይ ብዬ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ መናገር አልቻለም። ፍራሹ ላይ ወደቀና «እማዬ! ሳላወራሽ! አንዲቷን እንኳ ሳላወራሽ!» እያለ ደረቱን መታ። ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። ያን ሁሉ ዘመን «ድስቱን ልየው» እያሉ የሸሹት ሴቶች ዙሪያውን ከበው አለቀሱ፣ ሟችን አንዳቸውም አይተዋቸው አያውቁም።

አርባው ወጣ፣ ሕይወትም ቀጠለ፣ ዳትሰኗም ቀጠለች። ክቡርነታቸው ግን ዝም አሉ። በየማለዳው ይገባል፣ «እንዴት አደርክ» ይላል፣ ቀበቶውን አስሮ መንገዱን ያያል። አንድ ሰርግ ላይ ሰው «ኧረ ብርዱ!» ሲል ቤቱ በሙሉ ወደ ጥላዬ ዞረ፤ «ይሄ ታዲያ ምን አላት» የምትለዋን ለመስማት የጓጓም ነበር። ጥላዬ «አዎ፣ ይበርዳል» ብሎ ኮቱን ቆለፈ። ሰዉ በሙሉ ደነገጠ።

ኃይሉ ያ ሁሉ ወሬ ናፈቀው። ማን እንዲህ ይሆናል ብሎ ነበር! ዓመታት ጆሮውን ሲነሳው ኖሮ፣ ከልቡ ያዳመጠው አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን መርዶ ደብቆ ነው። ሬዲዮኑን ነቅሎ አወጣው፤ ብዙነሽ «ምን ነካህ?» ብትለው «ተበላሽቷል» አላት።

አንድ የሚያዝያ ማለዳ ግን አልቻለም። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የወለደችዋ ሴት ትዝ አለችው፤ የገዛ ልጁ በተወለደበት ቀን ሳይሰማት የቀረችው። እውነት ማወቅ ፈለገ። ሕፃኑ ወንድ ነበር ሴት? ዳገቱን ጨረሱ?

«ስማ ጥላዬ» አለ፣ በተቻለው ቀለል አድርጎ። «ያቺ ኔፓል ውስጥ፣ ከፍየሎቹ ጋር የወለደችዋ… ከዚያስ?»

ጥላዬ ወደ እሱ ዞረ። ፊቱ ላይ ደም አልነበረም። አንድ እጁ የበሩን መያዣ ጨበጠ።

«ኃይሉ» አለ በቀስታ፤ «ደግሞ ማን ሞተ?»

«ማንም! ማንም አልሞተም፣ ማርያምን! ወሬውን ፈልጌ ነው፣ በልጄ እምልልሃለሁ!»

ኃይሉ መንገዱን ሙሉ ማለለት። ጥላዬ ግን እስከ ሚድታውን ድረስ አላመነውም።