ደህና ነን ያልን ዕለት

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሰው «እንደምን አደራችሁ» ሲላችሁ ምን ትላላችሁ? «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነዋ። ቤቱ ቢቃጠልም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ደህና ይባላል። ከዚያ ከብቱ፣ ከዚያ አዝመራው ይጠየቃል። ቃጠሎው መጨረሻ ላይ ይነገራል። እኛ ዋግ ውስጥ እንዲህ ነው ያደግነው። ይህ ነገር ልጄን ሊያሳጣኝ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ከስሩ ልጀምር። ሰቆጣ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር አጠገብ፣ ጤና ጣቢያ አለ። ድሮ ወረፋው በድንጋይ ነበር። በማለዳ መጥታችሁ ድንጋያችሁን ታሰልፋላችሁ፤ ከዚያ ወፍጮም ሂዱ ገበያም ሂዱ፣ ድንጋዩ ቦታችሁን ይጠብቃል። የሰው ድንጋይ የሚያነሳ ባለጌ እኛ ሰፈር የለም። እኔ ጠፍጣፋ፣ ጥጓ የተሸረፈ ድንጋይ ነበረችኝ። ሁሉም የኔ መሆኗን ያውቃል።

አንድ ቀን ስብሰባ ጠሩን። አሰራር ተቀይሯል ተባለ። አንድ ሰውዬ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ለውጡ የእናንተ ነው አለን። ምን እንደተሰጠን ባይገባንም አጨበጨብን። እኛ ያጨበጨብነው ስብሰባው ስላለቀ ነው፤ እሱ ግን ደስ አለው።

ከዚያ ወዲያ ጤና ጣቢያው ዞረብን። ካርድ ክፍል የነበረው መርፌ ክፍል ሆነ፤ መርፌ ክፍል የነበረው ተቆለፈ። አንዲት ጎረቤቴ ካርድ ላውጣ ብላ ብትገባ ክንድሽን ግለጪ አሏት። ገለጠችም። አዲሱ አሰራር ይሆናል ብላ ነው። ምን ታድርግ?

ወደ ልጄ ልመለስ። ምሕረት ትባላለች፤ ገና መዳህ የጀመረች ናት። አባቷ ለሥራ አገር ጥሎ ሄዷል። ሲደውል ልጄስ ይለኛል፣ እኔም ደህና እለዋለሁ። ያን ቀን ግን ስታስል አድራ ጡት እንቢ አለች። ስትተነፍስ ከደረቷ ስር ሰርጎድ ሰርጎድ ይላል። ከአማቴ ጋር ባጃጅ ይዘን በረርን። አማቴ የዚያው የዋጉ ዝቋላ ሰው ናቸው፤ ጭንቅ ሲይዛቸው የሚጸልዩት በአገውኛቸው፣ በኽምጣኛ ነው። በመንገዱ ሁሉ አንድ የአማርኛ ቃል አልወጣቸውም።

ብንደርስ ድንጋይ የለም። ሰብስበው የአበባ መደብ አጥረውባቸዋል። የኔዋንም አየኋት፣ አበባ ስትጠብቅ። በሩ ላይ አንዲት ወጣት ሲስተር ተቀምጣለች፤ ከሌላ አገር በቅርቡ የመጣች ናት። ጠረጴዛዋ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጨርቅ ተቆራርጦ ተቀምጧል። ከኋላችን ሰው ይገፋል።

«እንደምን አደራችሁ፣ እናቴ?» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ ልጄ፣ አገሩን ለመድሽው ወይ?» አሉ አማቴ።

«ልጅቷስ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ትንሽ አሟት ነው እንጂ።»

ትንሽ። እኛ ጋ ሕመም ሁሉ ትንሽ ነው፤ ትልቅ የሚባለው ከቀብር በኋላ ነው። ሲስተሯ ወደኔ ዞረች። አማቴ ደህና ካሉ እኔ ምን ልበል? የልጅን ሕመም በሰው ፊት አግንኖ መናገር ደግሞ ሞትን ና ብሎ እንደመጥራት ነው ይባላል። ልጄም ብርድ እንዳይመታት ጀርባዬ ላይ በጋቢ ተሸፍናለች፣ አትታይም። «ደህና ናት» አልኩ። እጄ ላይ አረንጓዴው ጨርቅ ታሰረልኝ።

አማቴ ደስ አላቸው። «አረንጓዴ ደግ ነው፣ ዝናብ ያገኘ አገር ነው። ቀዩን ጠላት ይሰረው» አሉ።

አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አረንጓዴ አስሯል። አንድ ሽማግሌ በወባ ይንቀጠቀጣሉ። እንዴት ነዎት አባቴ ብንላቸው ደህና ይላሉ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ።

ከዚያ ከአዲስ አበባ የተመለሰ አንድ ጎረምሳ መጣ። አውራ ጣቱን በር ቆንጥጦታል። ገና ከመንገዱ ሞትኩ እያለ ነው የደረሰው። ቀይ ታሰረለትና እኛን አልፎ ገባ። ከተማ የቆየ ሰው መታመም ያውቃል። ጣቱን አስጠቅልሎ ሲወጣ ጠየቅሁት።

«ወንድሜ፣ ከኛ በኋላ መጥተህ እንዴት ቀደምከን?»

«እናንተ ምን አላችኋት?»

«ደህና ነን አልናት።»

ሳቀ። «ደህና ከሆናችሁ ምን ልትሠሩ መጣችሁ? ቀይ ማለት ቶሎ ይግባ ነው፤ አረንጓዴ ማለት ይቆይ።»

ልጄን ከጀርባዬ አወረድኳት። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ስነሳ አማቴ የነጠላዬን ጫፍ ያዙ። «ተይ፣ በአፍሽ አትጥሪው» አሉኝ። ቃላቸውን ጥሼ አላውቅም። ያን ቀን ነጠላውን ትቼላቸው ሄድኩ።

«ሲስተር፣ ደህና አይደለችም። ልጄ ልትሞትብኝ ነው።»

 አማቴ አማተቡ። ሲስተሯ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ደረቷን አየች፤ ጨርቅ እንኳ ሳትቀይር ልጄን ተቀብላኝ ሮጠች። የሳንባ ምች ነው አሉ። አስተኝተው፣ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አድርገው አከሟት። ተረፈችልኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶች። ግን እነሱም ራሳቸው እንደምን አደራችሁ ቢባሉ ደህና ነው የሚሉት። ታዲያ የትኛውን እንስማ?

ወሬው አገሩን አዳረሰ። ልጄን ለክትትል ይዤ ከአማቴ ጋር ስመለስ በሩ ለቅሶ ቤት መስሏል። ጉንፋን የያዘውም ሞትኩ ይላል፣ ብጉር ያወጣውም ሞትኩ ይላል። ቀይ ያላሰረ የለም። የቀዩ ወረፋ አጥሩን ዞሯል። ከአበባው መደብ ድንጋያቸውን እየነቀሉ ቀዩ ወረፋ ላይ ያሰለፉም አሉ። የኔዋ ብቻ ቀርታለች።

ተራዬ ደረሰ። ሲስተሯ ከስታለች።

«ልጅቷስ እንዴት ናት?»

ምን ልበል? ልጄ ጀርባዬ ላይ ሆና የነጠላዬን ጥለት ታኝካለች። ሞተች ልበል? ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛውን ደህና አወጣሁት። «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን ጥላ ተነሳች። ልጄን ከነጋቢዋ ከጀርባዬ ነጥቃ ወደ ውስጥ ሮጠች። እኔ ከኋላ እውነቴን ነው እያልኩ እከተላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። ያን ሁሉ ቀይ አልፈን ከሁሉ ፊት ገባን።

አማቴ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ደረሱብን። «አገሩን ለምዳለች» አሉ።