ተራ ናት የተባለችው አሮጊት

ጉልበት ሲያገኝ ወረፋ የሚረሳ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ቦንጋ ከተማ፣ እኔ ቤት አንዱ ተከራይቷል። መምህር ነው፤ ግቢያችን ቧንቧ ጋ ሁሌም ጀሪካኑን ከፊታችን ይደቅናል።

እሑድ ዕለት ተራ በተራ የሚዋጉበት የስልክ ጨዋታ አመጣ።

«ካሸነፍኩህ ወረፋ ትጠብቃለህ» አልኩት።

«እሺ እማማ» ብሎ ሳቀ። የእሱ አንዱ ጦረኛ በአንድ ምት የእኔን ተዋጊዎች ዘረራቸው፤ አንዲት ባለ ከዘራ አሮጊት ብቻ ቀረችኝ።

«ይተዉት እማማ፣ እሷ ተራ ናት።»

እኔ «ተራዋ ነው» ያለኝ መስሎኝ ከዘራዋን ነካሁት። ለካ ከዘራው ጉድ ነው! የእሱ ሰዎች በሙሉ ባሉበት ደርቀው ቀሩ፤ አሮጊቷም እየዞረች ወቀጠቻቸው።

«እንዴ! የእኔ ተራስ?»

«ተራ መዘለል እንዴት ነው፣ መምህር?»

አሁን ጀሪካኑን ይዞ ከኋላዬ ይቆማል። እኔም ቀስ ብዬ እቀዳለሁ፤ ተራ ሴት ነኛ!