ለሁለት አገር የተጫወተው ጎረቤቴ

እናንተዬ፣ ለንደን ውስጥ ሰው ሰላም የሚላችሁ ውሻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ውሻ የለኝ። አስመራ ተወልጄ አዲስ አበባ ያደግሁ ነኝ። ካምደን ያሉት፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ያገሬ ልጆች ዘንድ ስሄድ «መጣ ወንበዴው!» ይሉኛል፣ እየሳቁ። ሼፈርድስ ቡሽ ያሉት፣ ከአስመራ የመጡት ያገሬ ልጆች ደግሞ የደርግ ሰው መጣ ተባብለው ወሬ ያቆማሉ። ስለዚህ እሑድ እሑድ ባተርሲ ቤቴ ቁጭ ብዬ ግድግዳ አያለሁ። ብቸኝነቱ አንጀት ይበላል፤ ምን እደብቃችኋለሁ?

ጎረቤቴ ሚስተር ራኦ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በጉብዝናቸው ክሪኬት ተጫውተዋል፤ መጀመሪያ ለተወለዱባት ለሕንድ፣ ኋላ ለእንግሊዝ። ሕንዶቹ ከሃዲ አሏቸው። እንግሊዞቹ ደህና ሲጫወቱ «የኛ ሰው»፣ ሲስቱ «ያ ሕንድ» ይሏቸው ነበር አሉ።

አንድ ሰሞን ሁለቱ አገሮች እዚሁ ለንደን ሊገጥሙ ሆነ። ሽማግሌው በሬን አንኳኩ። ከየትኛው ወገን ጋር እንደምቀመጥ አላውቅም፣ አብረኸኝ ካልሄድክ ቤት መቅረቴ ነው አሉኝ። እንዴት እምቢ እላለሁ? ታላቅ ወንድሜ የመንግሥት ወታደር ነው፣ ታናሹ ደግሞ ወንበዴ ከሚሏቸው ጋር በረሃ ገብቷል።

ሄድን። ክሪኬት ማለት ነጭ የለበሱ ሰዎች አምስት ቀን ሙሉ ቆመው የሚውሉበት ነገር ነው። ሜዳው ጸጥ ብሏል። አንዱ ኳስ መቺ ስቶ ጨዋታው አበቃለትና አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ አፌ አላስቻለኝም፤ «እኔን!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ታዲያ ሰው ሲደናቀፍ የማን ወገን ነህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?

ሚስተር ራኦ ትርጉሙን ጠየቁኝ። ያንተ ጉዳት ለኔ ይሁን እንደማለት ነው አልኳቸው። ከዚያማ ሕንዱም ሲወጣ፣ እንግሊዙም ሲወጣ፣ ብድግ እያሉ አፋቸው እንደቻለው «ኤኔን!» ማለት ሆነ ሥራቸው። ከኋላችን የተቀመጠው ሰውዬ ግራ ገብቶት የማን ደጋፊ ናችሁ ቢለን፣ የወጣው ሰው ደጋፊ ነን አሉት።

በአምስተኛው ቀን አቻ ተለያዩ። እኔ በገንኩ። አምስት ቀን ለዚህ? ሽማግሌው ግን እጄን ጨብጠው፣ ማንም አላሸነፈም፣ ማንም አላሸነፈም እያሉ በደስታ አለቀሱ።

ማታ ሬዲዮ ከፈትኩ። አገር ቤት፣ ሰሜን ውጊያ ነበር። የመንግሥት ጣቢያ ድል አደረግን አለ። ወደ በረሃው ጣቢያ አዞርኩ፤ እሱም ድል አደረግን አለ። የወንድሞቼን ነገር የሚያነሳ የለም።

በነጋታው፣ ስለ ጦርነቱ የነገርኳቸው ሚስተር ራኦ ደረጃው ላይ አገኙኝና ያንተዎቹስ እንዴት ሆኑ አሉኝ።

ሁለቱም አሸነፉ፣ የተሸነፍኩት እኔ ብቻ ነኝ አልኳቸው።