በጠመኔ የተቆፈረው የሐይቅ ዳር ጉድጓድ ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አምስት መቶ ሁለት ዓመት፣ ኢሕአዴግ አገሩን በያዘ በአሥራ ዘጠነኛው፣ መብራት በፈረቃ መሄድ በለመደ በሁለተኛው፣ የሥዕል መምህሩ ወልደጻድቅ የግራ ጉልበት ማመም በጀመረ በአራተኛው ዓመት፣ በጥር ወር በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ በሐዋሳ ከተማ የሆነው ይህ ነው። ይህን ዜና የሚጽፈው ያው ወልደጻድቅ ነው። ስለ ራሱ «እርሳቸው» እያለ መጻፉም እንዲህ የሚለው ሌላ ሰው ስለጠፋ ነውና አንባቢ ይታገሠው።

ሥዩመ ጠመኔ ወልደጻድቅ የታቦር ሰፈር ነዋሪ፣ የሃምሳ ዓመት ሰው፣ በአንድ ትምህርት ቤት ሥዕል ሲያስተምሩ ሃያ ሦስት ዓመት የሞላቸው ነበሩ። በዚያም ወራት የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህርት ወይዘሮ ታቢታ፣ ቃላቸው አጭር፣ ብዕራቸው ፈጣን የሆነ፣ በመምህራን ስብሰባ ላይ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «የሥዕል ክፍለ ጊዜ ለልጆቹ የእረፍት ሰዓት ሆኗል። ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ለሒሳብ ማጠናከሪያ ይሁን።»

ጀግናውም ይህን በሰሙ ጊዜ ተነሥተው፣ ወንበራቸውን ሳያስቡት ጥለው፣ የአጸፋ አዋጅ አወጁ፦ «በመጪው የጎዳና ፌስቲቫል ሐይቅ ዳር ወርጄ መሬት ላይ እሥላለሁ። ሥዕሌን አይቶ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ አንድ ሰው ካልተገኘ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ይሁን።» ወይዘሮ ታቢታም «በአሥር ሰዓት መጥቼ አያለሁ» አሉ። ጀግናው ወዲያው ተጸጸቱ፤ ነገር ግን ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ነበር።

ከዚህም በኋላ በተባለው ቀን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከታቦር ተነሥተው በባጃጅ ዘመቱ። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነው፦ በቀኝ የስፖርት መምህሩ ደረሰ ጃንጥላውን ይዞ፤ በግራ ሦስት ፓኮ ባለቀለም ጠመኔ፤ በፊት መንበርከኪያ የሚሆን አንድ ኬሻ፤ በኋላ ከኢንተርኔት ቤት በጥቁርና ነጭ የታተመ በፈረንጅ አገር መንገድ ላይ በጠመኔ የተሣለ የአንድ ጉድጓድ ፎቶ። ባለቤታቸውም እንዲከተሉ ተጠርተው «ልብስ አጥባለሁ» የሚል መልእክት ስለላኩ ሠራዊቱ በዚሁ ተወሰነ።

የዚያ ጥበብ ምሥጢር እንዲህ ነው። ከአንዲት ቦታ ቆመው ሲያዩት ጠፍጣፋው ሲሚንቶ አፉን ይከፍታል፣ ደረጃው ወደ ታች ይወርዳል፣ ከሥሩ ውኃ ይታያል። ከዚያች ቦታ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ካሉ ግን የተጎተተ ቡቱቶ ይመስላል። ስለዚህ ሞዓ ሲሚንቶ ወልደጻድቅ ከሁሉ አስቀድመው የዚያችን ቦታ ልክ በሁለት ነጭ የእግር ምልክቶች አሳዩ፤ ቀጥሎም በክር ለክተው፣ ተንበርክከው፣ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሥሉ ዋሉ። የሠሩትም አሥራ አንድ ደረጃ ያለው ጥልቅ ጉድጓድ ነበር፤ በታችም በሰማያዊ ውኃ ውስጥ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ይዋኛል። አላፊ አግዳሚው ግን በጎን በኩል እያለፈ አየው። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚመለስ አንድ ዓሣ አጥማጅም ቆም ብሎ ተመለከተና «ቆሮሶ ከሆነ ታሟል» ብሎ ሄደ።

ጀግናውም ሥራቸውን ጨርሰው ቀና ባሉ ጊዜ መከራ አገኛቸው። እትዬ ብዙአየሁ የሚባሉ ሸንኮራ ሻጭ ከጠዋት ጀምሮ በአቅራቢያው ባለ ዋርካ ጥላ ተቀምጠው ነበርና፣ ጥላው ከፀሐይ ጋር ሲዞር እርሳቸውም ከጥላው ጋር ሲዞሩ፣ ልክ በሁለቱ የእግር ምልክቶች ላይ ደርሰው፣ ጀርባቸውን ለጉድጓዱ ሰጥተው ሰፍረዋል።

ሞዓ ሲሚንቶም መጀመሪያ ደረሰን መልእክተኛ አድርገው ላኩ። ደረሰም «እትዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን» አለ።

«ጥላው ፈቀቅ ሲል እኔም ፈቀቅ እላለሁ» አሉ።

ሁለተኛ ጊዜ ጀግናው ራሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀረቡ። «እኔ የሥዕል መምህር ነኝ፣ እትዬ። ሥዕሌ የሚታየው እርስዎ ከተቀመጡበት ብቻ ነው።»

«እኔ ከተቀመጥኩበት የሚታየው ሸንኮራ ነው።»

ሰዓቱ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሆነ። ሥዩመ ጠመኔም ያላቸውን ሁሉ አቀረቡ፦ «አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥተው ዞር ይበሉ። ምንም ካልታየዎት ይህ ጃንጥላ የእርስዎ ነው፤ ከእንግዲህ ጥላ መከተል አያስፈልግዎትም።» ደረሰም ጃንጥላው የእርሱ እንደሆነ ሊናገር ጀምሮ ተወው።

እትዬ ብዙአየሁ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ ዞሩም። አንድ እግራቸው ወደ ኋላ ሄደ፣ ሌላውም ተከተለ፤ እጃቸውን ሰድደው የሸንኮራውን እስር ወደ ደረታቸው ሳቡ። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው «ይሄን ማነው የቆፈረው? ጠዋት አልነበረም» አሉ።

በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ከሥራቸው አንዱን ማን እንደሠራው የጠየቀ ሰው አልነበረምና ጀግናው የጠመኔውን አቧራ ከልብሳቸው ማራገፍ ጀመሩ። በዚህ መካከል እትዬ ብዙአየሁ የፌስቲቫሉን አስተናባሪ ፊልሞን የሚባለውን ወጣት ጠሩት። «የኔ ልጅ፣ ሰው ሳይገባበት ይሄን ነገር አንድ በሉት።» ፊልሞንም መጥቶ ከአጠገባቸው፣ ማለትም ከትክክለኛዋ ቦታ ላይ ቆመ፤ አይቶም ክንዶቹን ዘርግቶ ሕዝቡን አገደ፤ አዋጅም ነገረ፦ «ማንም እንዳይጠጋ። ጉድጓድ አለ።» ለመድረኩ ሥራ የመጣ አሸዋ በቅርብ ነበርና ሁለት ሠራተኞች አንድ ጋሪ ሙሉ እየገፉ ደረሱ።

ጀግናው «ሥዕል ነው» አሉ። ይህን ዜና የሚጽፈው ሰው እውነቱን ይናገር ዘንድ ግድ ነውና፣ ያሉት በለሆሳስ ነበር። አሸዋውን እውነት ይደፉት እንደሆነ ለማየት ልባቸው ጓጉቶ ነበር።

ደፉት። አሸዋው ወደ ታች አልወረደም፤ ተቆልሎ ቀረ። ፊልሞን ቁልሉን ለረጅም ጊዜ ካየ በኋላ «ሞላ» አለ።

ልክ በአሥር ሰዓት ወይዘሮ ታቢታ ደረሱ። «ሥዕሉ የታለ?» አሉ።

«ከሥሩ ነው» አሉ ጀግናው።

ወይዘሮ ታቢታ ወደ ፊልሞን ዞሩ። «ምንድነው የደፈናችሁት?»

ፊልሞን ሠራተኞቹን አየ፣ የቆመውን ሕዝብ አየ። «ጉድጓድ ነበር። የሰው ቁመት ያህላል» አለ።

ወይዘሮ ታቢታም በጫማቸው ጫፍ አሸዋውን ገለጥ አደረጉት፤ ጠፍጣፋ ሲሚንቶና የአንድ ቆሮሶ ጅራት ታየ። ወደ እትዬ ብዙአየሁ ቀና ብለው «እርስዎ ወደ ኋላ አፈገፈጉ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ከነሸንኮራዬ» አሉ እትዬ ብዙአየሁ።

በዚያን ጊዜ ወይዘሮ ታቢታ ብዕራቸውን አውጥተው ጻፉ፤ የጻፉትንም በሐይቅ ዳር ሕዝብ ፊት አነበቡ፦ «የሥዕል ክፍለ ጊዜ በነበረበት ይቀጥላል። በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ግን ጉድጓድ መሣል ክልክል ነው።» ፊታቸውንም ቶሎ ወደ ሐይቁ አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ደረሰ አይቷል።

ከሳምንትም በኋላ የፌስቲቫሉ ኮሚቴ ሪፖርት ወጣ። በስኬቶች ተርታ «ለሕዝብ አደገኛ የነበረ አንድ ጉድጓድ በአፋጣኝ ተደፍኗል» ይላል። የሠዓሊ ስም የለበትም።

እንግዲህ ያለ ዶማ ለቆፈሩት፣ ያለ አካፋ ላጎደጎዱት፣ በባዶ ሲሚንቶ ላይ አንድ ጋሪ አሸዋ ላስደፉት ለሥዩመ ጠመኔ፣ ለሞዓ ሲሚንቶ፣ ለመምህር ወልደጻድቅ ዘሐዋሳ ክብርና ምስጋና ይሁን። ሥራቸውን በትክክል ያዩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከሁለቱም አንዱ፣ ፊልሞን፣ እስከ ዛሬ ጉድጓድ ነበር ብሎ ይምላል። ጀግናው በመንገድ ባገኙት ቁጥር ሰላምታ ይሰጡታል፣ ሊያርሙት ግን አንድ ቀንም አልሞከሩም።