የእትዬ ዘሀራ ሰዓት

ሰው ሲረሳ አረሳሱም ዓይነት አለው። አንዱ ጠዋት የበላውን ረስቶ የሠርጉን ዕለት ያስታውሳል፤ ሌላው ሠርጉንም ረስቷል፣ ሚስቱ ትመስክር። ኮምፒውተርም እንደኛው ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ራም የሚባለው መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይጥላል፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሃርድ ዲስኩ ግን መብራት ኖረም አልኖረ የሰጡትን ይዞ ይቆያል። ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ላይ ደግሞ ሳንቲም የምታህል ክብ ባትሪ አለች፤ ኮምፒውተሩ ተዘግቶም ቀንና ሰዓት የምትቆጥረው እሷ ናት። ይህን ለጀማሪዎቼ ሳስተምር ጋሼ ሰይድ ትዝ ይሉኛል።

ባለፈው በጋ፣ ሙቀቱ ጥላ ሥርም አላስቀምጥ ባለበት ሰሞን፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በሽርጥ ጠቅልለው በባጃጅ ወደ ጥገና ሱቄ መጡ። የሟች ባለቤታቸው የእትዬ ዘሀራ ነው። እትዬ ዘሀራ መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ነበራቸው፤ እኔም መጀመሪያ ኪቦርድ የነካሁት እዚያ ነው። ማመልከቻ እየተየቡ መንዙማ ያንጎራጉራሉ። የአጣዬ መኪና የሚጠብቅ ሁሉ በመስኮት ብቅ ብሎ «እትዬ ዘሀራ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ይላል፤ እሳቸውም ከስክሪኑ ጥግ አንብበው ይመልሳሉ። ያ መስኮት ይናፍቀኛል። ዛሬ ሁሉም ሰዓቱን ከኪሱ እያወጣ ያያል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

«ጢጥ ጢጥ ይላል እንጂ አይነሳም» አሉኝ ጋሼ ሰይድ። «ማዶ ያለው ሱቅ ፎርማት ካልሆነ አይድንም አለኝ። ዘሀራ፣ አላህ ይርሐማትና፣ መንዙማዋን ቀድታበታለች። ድምጿ ሌላ ቦታ የለም።»

ፎርማት ማለት ውስጡ ያለውን ደምስሶ እንደ አዲስ መጀመር ነው። በእኛ ከተማ ጉንፋን ለያዘውም ወገቡ ለተሰበረውም ኮምፒውተር የሚታዘዘው መድኃኒት ይኸው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይህ ግን አንዴ ከፈሰሰ አይለቀምም።

ከፈትኩት። አቧራውን ጠርጌ፣ ራሙን ነቅዬ፣ የሚሰካበትን የብረት ጥርሱን በላጲስ አሸት አሸት አድርጌ መለስኩት። ጋሼ ሰይድ «ቢስሚላህ» አሉ፤ ማብሪያውን ተጫንኩ። ተነሳ። ፋይሉን ስከፍተው የእትዬ ዘሀራ ድምፅ ሱቄን ሞላው። ጋሼ ሰይድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እኔም እጄ ላይ ያለውን ካቻቢቴ የጠፋብኝ መስዬ መፈለግ ጀመርኩ።

ያለቀችውን ባትሪ ቀየርኩ። ባዮስ የምንለው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼም ቀኑንና ሰዓቱን እንደ ደንቡ በፈረንጅ ሞላሁ። ኩራቴን ባያችሁት።

በማግስቱ ይዘውት ተመለሱ።

«ሰዓቱን አበላሽተኸዋል።»

«ትክክል ነው ጋሼ፣ በፈረንጅ ነው። አለዚያ ኢንተርኔቱ እንቢ ይላል።»

«ኢንተርኔት ምን ያደርግልኛል? ዘሀራ በሐበሻ ነበር ያደረገችው፤ መንገደኛ ሲጠይቃት ስታሰላ መኪናው እንዳያመልጠው። ዛሬ መንዙማዋን ከፍቼ ሰዓቱን ሳየው ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ።»

ለጀማሪዎቼ በጭራሽ አታድርጉ የምለውን አደረግኩት፤ ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩ፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱንም በእኛው።

ጋሼ ሰይድ የእጅ ሰዓታቸው እጃቸው ላይ እያለ፣ ወጥተው ከመስኮቴ ውጭ ቆመው፣ «ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉኝ።

ከስክሪኑ ጥግ አንብቤ ነገርኳቸው።